ፀጉር ሠሪ፦ አንድ

ወንድሜ መቁጠር የተማረው በዱላ ነው። አስተማሪ እየገረፈው አይደለም። አባታችን ቀበቶውን ሲፈታ እሱ አልጋ ሥር ይገባና እናታችን ላይ የሚያርፈውን ይቆጥራል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ የራሱን። ሁሉም ሲያበቃ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ ወደ እኔ ይመጣና «ዛሬ አስራ አንድ ነው እትዬ። ባለፈው ሳምንት አስራ አራት ነበር። እየቀነሰ ነው» ይለኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እኔ አስራ ስድስት ሞልቶኛል።

አባታችን አንድ ቀን ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ልብ እንዳለው ያወቅነው ያን ቀን ነው። እንዲህ ስል ክፉ እመስላለሁ፤ ልምሰል። እናታችን ከሁለት ዓመት በኋላ ስትከተለው ልጁ እኔ እጅ ላይ ቀረ፤ እኔም አሳደግሁት፣ እሱም ቆጠረ። የደረጃ ብዛት፣ በመንገድ የሚያልፍ መኪና፣ እኔ በቀን ስንት ጊዜ እንደምቆጣ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስታቲስቲክስ መረጠ። ሌላ ምን ሊመርጥ ነበር? ሰፈሩ «መቶኛ» የሚል ስም አወጣለት። የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ሲገባው፣ ከመቶ ትዳር ስንቱ እንደሚፈርስ የነገራት እሱ ነው። እናቷ እስከዛሬ ሰላም አትለንም።

ፕሮግራሚንግ የጀመረው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ከሰው እጅ የወረሰው ላፕቶፕ ሁለት ቁልፍ የጎደለው ነበር፤ ጎዶሎዎቹን በእስክሪብቶ ቂጥ እየወጋ ይጽፋል። የተማረውን በየቀኑ በስልኩ በከፈተው ቻናል ላይ ይለጥፋል። «ቀን አንድ፦ ዛሬ ኮምፒውተሩ ስሜን ጠራኝ። ቀን ሁለት፦ ዛሬ ሰደበኝ።» ያልሠራለትን ኮድ ሳያፍር ያወጣዋል፤ ሰውም የወደደለት ይህንን ነው። አዋቂ ነኝ ባይ ሞልቷል፣ አላዋቂነቱን ቀን ቆጥሮ የሚያስነብብ ግን የለም። አማካይን ለማስረዳት የእኔን ቁጣ በምሳሌነት ስለተጠቀመ አንድ ሳምንት አኮረፍኩት። በሀምሳኛው ቀን ከሺህ በላይ ተከታይ ነበረው፤ ብዙዎቹ የእኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው።

እኔ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል አጥባለሁ፤ ድሬሰር ነኝ። በሽተኛው ሁሉ «ሲስተር» ይለኛል። ነርስ አይደለሁም፣ ግን ደም እየፈሰሰው ያለን ሰው ማን ያርማል? በጠርሙስ የተፈነከተ ይመጣል፣ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ የሚመጣም አለ፣ ጆሮው በንክሻ የተቦጨቀም ሰፍቻለሁ። በመካከላቸው ደግሞ የወደቁ ሴቶች አሉ። በእኛ ሰፈር ሴቶች ብዙ ይወድቃሉ። ሰፈሩ ሜዳ ነው።

መዝገባችን ላይ «የጉዳቱ መንስኤ» የሚል ረድፍ አለ። የነገሩኝን ነው የምጽፈው። ወደቅሁ ካለች «ወደቀች» ነው። ነገር ግን ቁስል አይዋሽም። የወደቀ ሰው መዳፉና ጉልበቱ ይላጣል። የተመታ ሰው ክንዱ በውጭው በኩል ነው የሚሰበረው፣ ፊቱን ሊከልል አንስቶት። እንዲህ ያለውን ሳይ ከመስመሩ መጨረሻ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አስቀምጣለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አይጠይቀኝም። ምናልባት ዝም ማለቴን ለራሴ ለማቅለል ይሆናል።

ስለ ነጥቦቹ አንድ ቀን እራት ላይ አምልጦኝ ለወንድሜ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስንት ዓመት?» አለኝ።

«አምስት።»

«የአምስት ዓመት መረጃ መዝገብሽ ውስጥ አስቀምጠሽ እኔ ስለ አበባ ቅጠል ርዝመት እተነትናለሁ?» መምህራኑ የሚሰጡት መለማመጃ ሁሌ ስለ አበባ ነበር። «ስም አልነካም እትዬ። ቁጥሩን ብቻ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። አንድ ሰው እንዲያየው ፈልጌ ነበር። መዝገቡን ሁለት ቀን በቦርሳዬ ይዤ መጣሁ፤ እሱም መንገድ፣ ፆታ፣ ሥራ፣ ወደቅሁ ያሉበት ብዛት፣ ነጥብ እያለ አንድ በአንድ ገለበጠው። ስም አልጻፈም፤ በዚህ ቃሉን ጠብቋል።

ከሁሉም ነጥብ የበዛባት አንዲት ፀጉር ሠሪ ነበረች። የእንጨት መሰንጠቂያው መንገድ ላይ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት ባለች ክፍል ነው የምትሠራው። ባሏ በያጅ ነው፤ በር እና መስኮት ይበይዳል። በሦስት ዓመት ስድስት ጊዜ አምጥቷታል፣ አዎ፣ ራሱ ነው የሚያመጣት። የእጅ ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አድርጎ አጠገቧ ይቀመጥና እሷን ስጠይቃት እሱ ይመልሳል። «ደረጃ ላይ ወድቃ ነው ሲስተር። አታይም ስትሄድ።» ቤታቸው ደረጃ የለውም። አንድ ጊዜ ክንዷ ላይ በጋለ ብረት የተጠበሰ፣ ጣት የሚያህል ቀጥ ያለ መስመር ነበር። «ካውያ ነው» አለኝ። ስንት ካውያ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም። አጠብኩ፣ ቅባት ቀባሁ፣ በፋሻ ጠቀለልኩ፣ ነጥብ አስቀመጥኩ። እሷም አንድ ቀን ስለ እሱ ትንፍሽ አላለችም።

ወንድሜ መዝገቡን በገለበጠበት ሳምንት ማክሰኞ ብቻዋን መጣች። ከቅንድቧ በላይ ያለውን ስፌት ሳወጣላት በሩን ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቅዳሜ ራቅ ያለ ቦታ በር ሊገጥም ይሄዳል። በአምስት ሰዓት እህቴ መኪና ይዛ ትመጣለች። በቃ፣ መሄዴ ነው።»

«እግዜር ይርዳሽ» አልኳትና የቀረውን ክር መዘዝኩ።

«ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው። ለሰው እንዳወራሁ ከጠረጠረ ይገድለኛል። አጋንኜ እንዳይመስልሽ ሲስተር። ብረቱን አሳይቶኛል።»

«ሆዴ ይፍጀው» አልኳት። ለወንድሜም አልነገርኩትም። ሆዴ በእርግጥም ፈጀው፤ ችግሩ የወጣው በሌላ በኩል ነው።

ይህን የስታቲስቲክስ ሰዎችን የሥራ ነገር ወንድሜ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ስላስረዳኝ አሁን እኔም አውቀዋለሁ። ሕግ አላቸው። ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ሳጥን ከአምስት ሰው በታች ከያዘ ለሰው አይወጣም፤ ከሌሎች ትናንሽ ሳጥኖች ጋር ተጠርጎ «ሌሎች» ይባላል። አለበለዚያ ስም ባይጻፍም ሰውየው ይታወቃል። ወንድሜ ይህን አያውቅም እንዳትሉ። ፈተና ላይ መልሶት ሙሉ ነጥብ አግኝቷል፤ በሀምሳ ስምንተኛው ቀን ቻናሉ ላይ አስተምሮበታል። ትናንሾቹን ሳጥኖች የሚጠርግ አንድ መስመር ኮድም ጽፎ ነበር። ሐሙስ ማታ ያ መስመር እምቢ አለው። ሲያስኬደው ቀይ ጽሑፍ፣ ሲያስኬደው ቀይ ጽሑፍ። ስለዚህ ሁሉም ፕሮግራመር የሚያደርገውን አደረገ፤ ከመስመሩ ፊት ምልክት አኖረ። ያ ምልክት ያለበትን መስመር ኮምፒውተሩ እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። የቀረው መሥራቱን ካየ በኋላ አስተካክሎ ሊመልሰው ነበር።

የቀረው ሠራ። ሠንጠረዡ ተግተልትሎ ወረደ። ልጁ ከወንበሩ ዘሎ ተነሥቶ ጠራኝ። እጄ ሳሙና ነበር፤ ከትከሻው በላይ አጎንብሼ ከላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር ብቻ አነበብኩ። ወደቅሁ ካሉት ሴቶች ከመቶ ሰባ አንዱ አልወደቁም። «ጎሽ» አልኩት። ጎሽ አልኩት፣ ወደ ታችም አላነበብኩም።

ዓርብ ጠዋት «ከወደቁት ስንቶቹ ወደቁ?» ብሎ ለጠፈው። ቀኑን ሙሉ ስልኩ ሲንጫጫ ዋለ። የማያውቃቸው ሰዎች አመሰገኑት፤ አንድ መምህሩ ሳይቀር «ጥሩ ሥራ» ብሎ ጻፈለት። ያን ቀን እንደሳቀው ሲስቅ ከልጅነቱ ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ቅዳሜ ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ሁለታችንም ቁርስ ላይ ነን። ስልኩን እያየ ሲያኝክ ድንገት ማኘኩን አቆመ።

«እትዬ፣ እንጨት መሰንጠቂያው መንገድ ላይ ስንት ፀጉር ሠሪ አለ?»

«አንድ። ምነው?»

ስልኩን አዞረልኝ። ከሠንጠረዡ ሥር ሰዎች ይቀላለዳሉ። አንዱ «የእንጨት መሰንጠቂያ መንገድ፣ ሴት፣ ፀጉር ሠሪ፦ አንድ። ማን ትሆን ይሆን?» ብሏል። ሌላው «የበያጁ ሚስት ናታ፣ ሌላ የት አለ» ብሎ የሚስቅ ፊት ደርድሯል። ከዚያ በላይ ሠንጠረዡ ራሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ሰው፣ አንድ። ወደቅሁ ያለችበት፣ ስድስት። የወደቀችበት፣ ዜሮ።

«አጥፋው» አልኩት።

«አጠፋሁት። ግን ስክሪን ሾት...» አልጨረሰውም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል። ያን ጊዜ ብቻ፣ ለአምስት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ልትሄድ እንደሆነ ነገርኩት። ጫማውን ሳያስር ወጣ።

በያጁ የብየዳ ቤት የሆነውን በኋላ ሠራተኞቹ ለፖሊስ ቃል ሲሰጡ ነው የሰማነው። ሰውየው በሩን መኪና ላይ እያስጫነ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ ስልኩን አሳየው፤ ለክፋት አልነበረም አሉ፣ ለሳቅ ነው። አነበበው። ስልኩን በትሕትና መለሰለት። ከግድግዳው ሥር ክንድ የሚያህል ፌሮ መርጦ፣ ክብደቱን በእጁ መዝኖ፣ ወጣ። አንድም ሰው ወዴት ነህ አላለውም።

እኔ ስደርስ ግማሽ መንገድ ሰው ነበር። ፀጉሯ ግማሹ በቢጎዲን የተጠቀለለ አንዲት ደንበኛ ፎጣ እንደለበሰች መንገድ ላይ ትጮኻለች። መስታወቱ ወርዷል፤ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ በጎኑ ወድቆ አሁንም ይነፍሳል። በያጁ ፌሮውን ሲያነሳና ሲያወርድ የሚሰማው ድምፅ ሥጋ ሲመታ የሚሰማው ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ አልጋ ሥር ሳልገባም እሰማው ነበር። «ለማን አወራሽ? ለማን?» ይላል። መልስ ልትሰጠው ብትፈልግም መንጋጋዋ ከቦታው ወጥቷል። ክንዷን አንስታ ፊቷን ትከልላለች፤ ክንዷም ተሰብሮ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

ወንድሜ ከጀርባው ተጠምጥሞበታል። ስድሳ ኪሎ የማይሞላ ልጅ ነው። በያጁ እንደ ኮት አውልቆ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ተነሣ፣ እንደገና ተጠመጠመ። «እሷ አላወራችም! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የጻፍኩት!» ይላል። በያጁ ያን ጊዜ ዞረ። ልጁ ብረቱን በባዶ እጁ ያዘው፤ ጣቶቹ ሲሰበሩ ከበሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። አልለቀቀም። በያጁ ግንባሩ ላይ በቡጢ፣ አፉ ላይ በክርን መታው፤ አልለቀቀም። እኔ ወለሉ ላይ ካለው የፀጉር ማጠቢያ ማንቆርቆሪያ የሞቀ ውኃ አንስቼ የሰውየው ፊት ላይ ደፋሁት። አልጸጸትም፤ ዛሬም ባገኘው እደፋበታለሁ። ሲጮኽ የእንጨት መሰንጠቂያው ሰዎች ገብተው ጣሉት። አራት ሆነው ነበር። ለካ አራት ሰው ይበቃ ነበር። ውጭ የቆመው ግን መቶ ይሆናል፤ ግማሹ ስልኩን ደግኗል።

እህቷ በአምስት ሰዓት መኪናዋን ይዛ ደረሰች፤ በዚያው መኪና ሆስፒታል ወሰድናት። በመንገድ ላይ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ደም እንዳያንቃት ወደ ጎን ይዤ፣ ትንፋሿን ሳዳምጥ ወንድሜ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ የተሰበረ እጁን አቅፎ ይንሰፈሰፋል።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ሐኪሞቹ ሲያስገቧት፣ «መስመሩን ልመልሰው ነበር እትዬ። አንድ ምልክት ማጥፋት ብቻ ነው የቀረኝ» አለኝ። በጥፊ አልኩት። ያበጠውን ጉንጩን ነው ያገኘሁት። አባታችን እኔ ውስጥ እንዳለ ያን ዕለት ገባኝ፤ እጄን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እሱም ትከሻዬ ላይ ጭንቅላቱን ጣለ።

አልሞተችም። መንጋጋዋ በሽቦ ታሰረ፣ ክንዷ ውስጥ ብረት ገባ፣ የግራ ዓይኗ ብርሃን እንደሚመለስ ሐኪሙ አላረጋገጠም። በያጁ ታስሯል። እኔ መዝገብ ከክሊኒክ በማውጣቴ ከሥራ ታግጃለሁ፤ ኃላፊዬ ሲነግረኝ አልተከራከርኩም። ወንድሜ የሠራውን ስህተት ከነመስመሩ ጽፎ ቻናሉ ላይ አወጣው፤ ሰውም «ድፍረትህ ያስደንቃል» እያለ አወደሰው። ውዳሴውን እንዳየ ቻናሉን ዘጋው።

በስምንተኛው ቀን ልታየን እንደምትፈቅድ እህቷ ነገረችን። ወንድሜ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በጄሶ ነው። አልጋዋ አጠገብ ቆመ፤ ያዘጋጀውን ይቅርታ ጀመረው፣ መሃል ላይ ጠፋበት፣ እንደገና ከመጀመሪያ ጀመረ። በደህናው ዓይኗ አየችው። ጤነኛ እጇን ዘርግታ ስልኳን አነሳችና በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ጻፈች። ወደ እሱ አዞረችለት።

«ስንት ሰው አየው?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ጥቂት» ይላት ነበር። እሱ ቁጥር መዋሸት አይችልም። «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስራ ስድስት» አለ። «እስካጠፋው ድረስ።»

እንደገና ጻፈች። «ከነሱ ዓርብ ቀን በሬን ያንኳኳ?»

ዓርብ ጠዋት ነው የተለጠፈው። እስከ ቅዳሜ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ አንድ ቀን ሙሉ ነበር። ስሟን የገመቱት፣ የሳቁት፣ «ያሳዝናል» ብለው የጻፉት ብዙዎቹ ከሱቋ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ነው የሚኖሩት። «አንድም» አለ ወንድሜ።

ዓይኗን ጨፈነች። ደከማት ብዬ ልንወጣ ስነሳ እጅጌዬን ያዘችኝ። ስልኩን አንስታ አንዲት ቃል ጽፋ ወደ እኔ አዞረችው።

«አንቺስ?»

ሦስት ዓመት ቁስሏን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስድስቱንም ጊዜ። ቤቷ ከክሊኒኩ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ትራሷን አስተካከልኩላት።